«በሳምንት ውስጥ ኮራል» የሚላችሁን ሰው አትመኑ፤ እኔ 1,850 ዶላር ከፍዬ ነው ያወቅሁት

ባለፈው ኦክቶበር አንድ የአገር ልጅ ሰሜን ቨርጂኒያ ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም ተከለልን። 40 ጋሎን ነው፣ 150 ሊትር ገደማ። ዋጋው ከነኮራሉ (ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚኖር አበባ መሳይ የባሕር እንስሳ ነው)፣ ከነዓሣው፣ ከነመብራቱ 1,850 ዶላር። «በሳምንት ውስጥ ኮራሉ ይገባል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ማየት ነው» አለን። እውነትም ቁጭ ብለን አየን። አንድ በአንድ ሲሞቱ።

የሰውዬውን ስም አልጠራም። ብጠራው ነገ ሌላ ስም ያወጣል። አሠራሩን ካወቃችሁት ግን በየትኛውም ስም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከልጄ ነው። ከትምህርት ቤት ጋር ሄዳ ባልቲሞር ያለውን ትልቁን አኳሪየም ካየች ወዲህ እቤት ሰላም አልነበረም። እኔ ደግሞ ዕቃ በምንገዛበትና በምንሸጥበት የስልክ ግሩፕ ላይ ማስታወቂያውን አየሁ። በአማርኛ የተጻፈ ነው። የአገር ልጅ ነው፣ አይሸውደኝም አልኩ። እዚህ ላይ ባለቤቴ ሳቀች፣ እኔ ግን ገፋሁበት።

ቤዝመንቱ ወስዶ ኮራሎቹን አሳየን። ክፍሉ ጨለማ ነው፣ ከላይ ሰማያዊ መብራት ብቻ ይበራል። ኮራሎቹ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ ሆነው እንደ ሠርግ አዳራሽ ያበራሉ። ልጄ አፏን ከፍታ ቀረች። በኋላ እንዳወቅሁት ብዙ ኮራሎች በሰማያዊ ብርሃን ሲመቱ የሚያበራ ቀለም በአካላቸው ውስጥ አላቸው። ይህ ራሱ ማጭበርበር አይደለም፣ አርቢዎች ሁሉ ሰማያዊ ይጠቀማሉ። ነገር ግን ነጭ መብራት አብራልኝ ሳትሉ ገንዘብ አታውጡ። እኛ በ90 ዶላር የገዛነው «ብርቱካናማ» ኮራል ሳሎናችን ውስጥ በነጭ ብርሃን ሲታይ የሻይ አተላ ይመስል ነበር። ሌላም አለ፤ ኮራሉ ከተለጠፈበት ትንሽ መቀመጫ ላይ ሥጋው ተስፋፍቶ ይዞ እንደሆነ ተመልከቱ። የእኛዎቹ በዚያው ጠዋት ተቆርጠው የተለጠፉ ነበሩ። ቁስሉ እንኳ አልደረቀም።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ውሃውን ከቧንቧ በጎማ ሞላው፣ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ጨመረ፣ ጨው በተነ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸውን ድንጋዮች ደረደረ። «ይሄ ሕያው ድንጋይ ነው፣ ባክቴሪያው ውስጡ አለ» አለኝ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቀለሙ በጥፍሬ ተላጠ። ደረቅ ድንጋይ ቀለም ተቀብቶ ነው! ቀለም የተቀባ ደረቅ ድንጋይ ገበያ ላይ በግልጽ ይሸጣል፣ በራሱ ክፉ ዕቃም አይደለም። ሕያው ነው ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ልዩነቱ ለምን ከባድ ሆነ? ዓሣም ሆነ የተረፈ ምግብ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። አንዱ የባክቴሪያ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚቀንሰው ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪበዙ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በጠርሙስ የሚሸጥ ባክቴሪያ ሊያፈጥነው ይችላል፣ ግን መለካት አይቀርም። ሳይለኩ በሳምንት ኮራል መክተት ሊጡን ዛሬ አቡክቶ ያለ እርሾ ዛሬውኑ እንጀራ እጋግራለሁ እንደማለት ነው።

በስምንተኛው ቀን ስድስት ኮራልና ሦስት ዓሣ ይዞ መጣ። ሁሉንም ከተተና ስልኩን አውጥቶ በየአቅጣጫው ፎቶ አነሳ። እናቴ ከአገር ቤት የላከችው ጥልፍ መጋረጃ ከኋላ ይታያል። «ለማስታወሻ» አለ። ቀሪውን ሂሳብ ተቀብሎ ሄደ።

ከዚያ የሆነውን ላሳጥረው። በሦስተኛው ቀን ሀመር የሚባለው ኮራል ተኮማተረ። አሸዋው ላይ ቡናማ ነገር ነጠፈ። አክሮፖራ የሚባለው ሌላው ኮራል ከሥሩ ጀምሮ ነጣ። በደወልኩ ቁጥር መልሱ «አይዞህ ወንድሜ፣ የመብራት ማነስ ነው፣ መቶ በመቶ አድርገው» ነው። አደረግሁት። ባሰበት። «የካልሲየም እጥረት ነው፣ ጠርሙስ አለኝ፣ 38 ዶላር።» ጨመርኩ። «ምግብ ነው።» ሌላ ጠርሙስ። ልብ በሉ፣ አንድም ቀን «ውሃውን ለካኸው ወይ?» አላለኝም። ለስድስት ሳምንት ያህል ጠርሙስ ስገዛ 214 ዶላር ሄደ። እናቴ በስልክ «የአፋር ጨው ልላክልህ እንዴ?» ትላለች። እማዬ፣ የምግብ ጨውማ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እንደ ባሕር አድርጎ አይሰጥም እንጂ እሱም ከዚህ ሰውዬ ባልከፋ ነበር።

ዓሣዎቹ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሲወጣ ደግሞ መድኃኒት ሰጠኝ። ማታ አንድ ጊዜ ጨመርኩ። ጠዋት ስነሳ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ አንድ ሳይቀር ሞተዋል። ጠርሙሱን ገልብጬ ሳነብ ውስጡ ያለው መዳብ ነው። መዳብ የዓሣውን ጥገኛ ተሕዋስ ይገድላል፣ ነገር ግን ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልንም ይገድላል። ዓሣ በመዳብ የሚታከመው ለብቻው፣ ድንጋይና ኮራል በሌለበት ሌላ ዕቃ ውስጥ ነው። ድንጋዩና አሸዋው መዳቡን ይመጥጡና ቆይተው ይለቁታል። ስለዚህ ያገለገለ አኳሪየም በርካሽ የምትገዙም አስቡበት። ባለቤቱ ድሮ ምን እንደጨመረበት ካላወቃችሁ ከነድንጋዩ አትውሰዱ።

ያን ዕለት ነው ባለቤቴ አብራት የምትሠራ ፊሊፒናዊት ነርስ የጠራችው። ሴትየዋ ኮራል ስታረባ 15 ዓመት ሆኗታል። ገብታ መጀመሪያ አሸተተች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች።

ሰውዬው ከፓኬጁ ጋር የሰጠኝ ባለ ቀስት ፕላስቲክ ሃይድሮሜትር ጨዋማነቱን 1.025 ይለዋል። ለባሕር ውሃ ትክክለኛ ቁጥር ነው፣ ለዚያ ነው ያልተጠራጠርኩት። የእሷ ሪፍራክቶሜትር፣ ጨዋማነትን በብርሃን የሚለካው መሣሪያ፣ 1.019 አለ። ቀስቱ ላይ የአየር አረፋ ሲጣበቅ ወደ ላይ ያነሳውና ጨው የበዛ ያስመስለዋል። የእሷን መሣሪያ ደግሞ በተጣራ ውሃ ሳይሆን ጨዋማነቱ በታወቀ ፈሳሽ (ከሺህ 35 እጁ ጨው በሆነ) ነው አስተካክላ ያመጣችው። ስድስቱን ሳምንት ሙሉ ኮራሎቹ ውሃ የበዛበት ወጥ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። አሞኒያው ዜሮ መሆን ሲገባው 0.5 ነበር። አልካሊኒቲው፣ ማለትም ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም፣ 6፤ የሚፈለገው ከ8 እስከ 11 ነው።

አሞኒያው በከፊል ከቧንቧችን መምጣቱን የነገረችኝም እሷ ናት። በዋሽንግተንና በዙሪያው የቧንቧ ውሃ አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው፣ በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይዞራል። ክሎራሚን ክሎሪንና አሞኒያ የተጣመሩበት ነው። እንደ ክሎሪን ውሃውን ስላሳደሩት ተኖ አይጠፋም። ተራው ጠብታ ክሎሪኑን ይሰብርና አሞኒያውን እዚያው ይተወዋል። ለኮራል የሚሆነው አርኦ ዲአይ በሚባለው ማጣሪያ ያለፈ ውሃ ነው። ማጣሪያው ባይኖራችሁ ከአኳሪየም ሱቅ በጋሎን ይሸጣል። የኛ ሰውዬ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳም። ለምን ያነሳል? ጎማው በነጻ ነው።

የጠቀመኝን ዋና ትምህርት እዚህ ላይ ላካፍላችሁ። «ኮራሌ ነጣ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንቀላቅላለን። ኮራል ውስጥ ዞዛንቴላ የሚባሉ ጥቃቅን አልጌዎች አሉ፣ ከብርሃን ምግብ የሚሠሩለት እነሱ ናቸው። ሙቀት ወይም ብርሃን ሲበዛበት ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣቸዋል። ያኔ ይነጣል፣ ግን ሥጋው አለ፣ ቀረብ ብላችሁ ስታዩ እንደ ስስ ላስቲክ ይታያል። ይህ ሕያው ነው፣ መብራቱን ቀንሳችሁ ውሃውን ካረጋችሁት ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው ሥጋው ራሱ ተልጦ ሲወድቅ ነው። የቀረው ባዶ አጥንት ነው፣ ይህ አይመለስም። የእኛ አክሮፖራ ከሥሩ የተላጠው እንዲህ ነበር። በሀመሩ ላይ ያየነው ቡናማ ዝልግልግ ደግሞ ወደ ጎረቤቱ ስለሚዛመት ቶሎ መውጣት ነበረበት። መብራቱን መቶ በመቶ ባደረግሁ ጊዜ ገና ሥጋ የነበራቸውን ሁለቱን እኔው በእጄ አነጣኋቸው። አሸዋው ላይ የነጠፈው ቡናማ ነገር ግን ምንም አልነበረም። ዲያቶም የሚባል አልጌ ነው፣ አዲስ አኳሪየም ሁሉ ያልፍበታል፣ በራሱ ይሄዳል። ለእሱም ጠርሙስ ተሽጦልኛል።

አክሮፖራ መጀመሪያውኑ ለአዲስ አኳሪየም የሚሸጥ አይደለም። ቢያንስ ስድስት ወር፣ ብዙዎች እንደሚሉት ዓመት የሞላው ውሃ ይፈልጋል። ለጀማሪ አክሮፖራ የሚሸጥ ሰው ወይ አያውቅም ወይ አይገደውም።

አሁን ከገንዘቡ የሚብሰውን ልንገራችሁ። ዞዋ የሚባሉት ትንንሽ አበባ መሳይ ኮራሎች ከተለጠፉበት ድንጋይ ላይ አብዛኞቹ ሞተው ነበር። ለሰውዬው ስነግረው «ድንጋዩን አውጥተህ ቀቅለው፣ ይጸዳል» አለኝ። ድስቱን ጥጄ ነበር። ባለቤቴ ለነርሷ ደውላ ስትነግራት ሴትየዋ በስልክ ጮኸች። ከዞዋና ከዘመዶቹ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ አላቸው፣ በተፈጥሮ ከሚገኙት እጅግ ኃይለኛ መርዞች አንዱ ነው። ድንጋዩ ሲቀቀል ወይም በሙቅ ውሃ ሲፈገፈግ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣና ቤት ያለውን ሁሉ ያሳምማል። አላስካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 በሱቅና በመኖሪያ ቤት እንዲህ የታመሙ ሰዎችን ጉዳይ የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል በጽሑፍ አውጥቶታል። ልጄ የዚያን ዕለት ኩሽና ውስጥ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ዞዋ ስትነኩ ጓንትና መነጽር አድርጉ። ድንጋይ አትቀቅሉ። በቃ።

ተሸውዳችሁ ከሆነ መጀመሪያ ምንም አትግዙ፣ ምንም አትጨምሩ። ውሃችሁን ለኩ፣ ወይም በትንሽ ብልቃጥ ይዛችሁ ከሻጩ ሌላ የሆነ ሱቅ ሂዱ፣ ብዙዎቹ ይለኩላችኋል። አሞኒያ ካለ ሙቀቱና ጨዋማነቱ በተመሳሰለ አዲስ የጨው ውሃ ጥቂት ጥቂቱን ቀይሩ። የጎደለውን በአንድ ቀን ለማስተካከል አትሞክሩ። እኔ ጨዋማነቱን በቀን 0.001 ብቻ ነው ከፍ ያደረግሁት፣ አልካሊኒቲውንም በቀን ከ1 አላሳለፍኩም። ኮራል መጥፎ ውሃን ከሚጠላው በላይ ድንገተኛ ለውጥን ይጠላል። መዳብ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ኮራሉን ቶሎ አውጡ። ነርሷ ፖሊ ፊልተር የሚባለውን ጨርቅ ስትከት ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ፣ መዳብ ያዘ ማለት ነው። ድንጋዩንና አሸዋውን ጣልነው።

ገንዘቡን ለማስመለስ ሞከርኩ። በስልክ ገንዘብ በሚላክበት በዜል ነበር የከፈልኩት፣ እሱም እንደ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ አንዴ ከደረሰ አይሰረዝም። ደረሰኝ የለኝም። በክሬዲት ካርድ ብከፍል ኖሮ ቢያንስ ለባንኩ አቤት እል ነበር። «እንዴት የአገር ልጅ እንዲህ ታደርጋለህ?» ስለው «ዓሣ እኮ ይሞታል ወንድሜ፣ የእግዜር ፍጥረት ነው» አለኝ። ከዚያ ቁጥሬን ብሎክ አደረገኝ።

ከስድስቱ ኮራል ሁለቱ ተርፈዋል። ነርሷ ቤቷ ወስዳ አንድ ሌዘር (ቆዳ መሳይ) ኮራልና ሦስት ራስ ብቻ የቀረው ዞዋ አዳነችልን። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ልትጠይቃቸው ትሄዳለች። እኛ ቤት ያለው አኳሪየም ውሃና አዲስ ድንጋይ ብቻ ይዞ አምስተኛ ሳምንቱን እየቆጠረ ነው፣ ልጄ አሞኒያውን በየሁለት ቀኑ ለክታ ፍሪጁ ላይ ትጽፋለች።

ትናንት ማታ አንድ ጓደኛዬ ከሌላ ግሩፕ ማስታወቂያ ላከልኝ። «ሙሉ ፓኬጅ፣ በሳምንት ውስጥ ኮራል፣ የደንበኞቻችንን ቤት ይመልከቱ» ይላል። ዋጋው 2,100 ደርሷል። ፎቶው ላይ የእናቴ መጋረጃ አለ።