«ሌዘር ነው» ሲሏችሁ «የቱ ሌዘር?» በሉ

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ያለችው የእህቴ ልጅ አንድ የቲክቶክ ማስታወቂያ ላከችልኝ። የሴት እግር ነው። ቀጫጭን ሰማያዊና ቀይ ደም ስሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተውበታል። አንድ ማሽን ብልጭ ብልጭ ካለ በኋላ እግሩ ጥርት ብሎ ይወጣል። ከስሩ «የ4 ከፍለው 6 ጊዜ ይሰሩ» ይላል። «አክስቴ፣ አንቺም ይሄን ተሰርተሽ አልነበር? ልክፈል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ተሰርቻለሁ። ተበልቻለሁም። በድምፅ ስመልስላት 11 ደቂቃ ሆነ። ይህን ያህል ካወራሁ አይቀር ለሌሎቻችሁም ይሁን ብዬ ጻፍኩት።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። 19 ዓመት ቆሜ ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ሆቴል፣ አሁን ሆስፒታል ኩሽና ውስጥ። ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። የእናቴም እግር እንዲሁ ነበር። ቆሞ መዋል፣ እርግዝና፣ ዘር፤ ሦስቱም አሉብኝ። ከጉልበቴ ጀርባና ቁርጭምጭሚቴ አካባቢ ያ ድር ቢወጣ አይገርምም። የጓደኛዬ ልጅ ሰርግ ደረሰና አጭር ቀሚስ ልልበስ አልኩ። (ኋላ የለበስኩት የሀበሻ ቀሚስ ነው። እስከ እግር ጣት ይሸፍናል። ማን ሊያይብኝ ነበር?)

የሄድኩበትን ቤት ስም አልጠራም። እንደሱ ያለ ብዙ ስላለ የአንዱን ስም ማወቅ አያድናችሁም።

ገና ስገባ ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ተቀበለችኝ። ሐኪም መሰለችኝ። ሻጭ ነበረች። እንደተቀመጥኩ እግሬን በስልኳ መብራት አየችው። ምርመራው ይኸው ነው። የእግር ደም ስር የሚታየው ሰው ቆሞ ነው፤ ስንቆም ነው ደሙ ወደ ታች የሚጫነው። ይህን ያወቅኩት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። «ማታ ማታ እግርሽ ያብጣል? ይከብድሻል? ደም ረግቶብሽ ያውቃል?» ያለኝ የለም። «በካርድ ነው በጥሬው የምትከፍዪው?» ግን ተብያለሁ።

6 ጊዜ፣ ዋጋው 3,600 ዶላር። የእናቶች ቀን ስለሆነ 2,400። ዛሬ ከፈረምሽ ብቻ። ታብሌት ላይ በጣቴ ፈረምኩ። የፈረምኩት ስንት ገጽ እንደሆነ እንኳ አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ሌዘር ነው» ቢሉኝም ማሽኑ ሌዘር አልነበረም። አይ ፒ ኤል የሚባለው ነው። ሌዘር አንድ የተለየ የብርሃን ዓይነት ብቻ ነው የሚያወጣው። አይ ፒ ኤል ግን ከ500 እስከ 1,200 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) ገደማ ያለውን ሁሉ ቀላቅሎ ይለቃል፤ እንደ ካሜራ ፍላሽ በሉት። ነጭ ቆዳ ላይ፣ በተለይ ፊት ላይ፣ በሚያውቅ እጅ ጥሩ ይሠራል። አታላይ ዕቃ አይደለም። ለኔ እግር ግን የተሠራ አልነበረም።

አሠራሩን ሳውቅ ነው ያበድኩት። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1983 አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች የጻፉት ነው። ብርሃኑ በቆዳ ውስጥ አልፎ ደም ውስጥ ያለውን ቀይ ቀለም ያገኛል። እዚያ ሙቀት ይሆናል። ደም ስሩ ይኮማተርና ይዘጋል፤ ሰውነት በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። እስከዚህ መልካም። ግን ከደም ስሩ በላይ ሜላኒን አለ፤ ቆዳችንን የሚያጠቁረው። ሜላኒንም ያንኑ ብርሃን ይፈልጋል። መንገድ ላይ ይቀማዋል። ያኔ የሚበስለው ደም ስሩ ሳይሆን ቆዳው ነው። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ሜላኒን የሚቀማው ይበዛል፤ በረዘመ ቁጥር ብርሃኑ ጠልቆ ይሄዳል። ስለዚህ ለጠቆረ ቆዳ የሚመረጠው 1,064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ የሚባለው ሌዘር ነው። እሱም ቢሆን በማያውቅ እጅ ያቃጥላል።

ቅጹ ላይ የቆዳ ዓይነት የሚል ነበረ፣ በጣም ከነጣው 1 እስከ በጣም ከጠቆረው 6። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና 3 ብላ ሞላች። እኔም ዝም አልኩ። ሰፈር ውስጥ ቀይ ነው የምባለው! ግን እኛ ቀይ የምንለው ሰው በዚያ ሚዛን ብዙ ጊዜ 4 ወይም 5 ነው የሚሆነው። ጠይሙማ ከዚያም ይዘላል። እናቴ «ቀይ ልጄ» እያለች ያሳደገችኝ እዚህ ላይ ጎዳኝ።

አንደኛው ቀን ምንም አልሆነም። ሁለተኛውም። ደም ስሮቹም ምንም አልሆኑም። በሦስተኛው «ትንሽ ከፍ እናድርገው» አለችኝ። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። አመመኝ ስላት «ኖርማል ነው፣ እየሠራ ነው ማለት ነው» አለችኝ። ማታ ውሃ ቋጠረ። ቅርፊቱ ሲነሳ እግሬ ላይ 14 አራት ማዕዘን ወጣ፤ የማሽኑ አፍ ልክ፣ እንደ ጡብ የተደረደረ። ገሚሱ ጠቆረ፣ ገሚሱ ነጣ። ደም ስሮቹ? እዚያው ናቸው። ፍሬም ተሠራላቸው እንጂ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።

በኋላ የሥራ ባልደረባዬ የሆነች ነርስ ወደ አንድ የደም ስር ሐኪም ላከችኝ። ሰውዬው አቆመኝ። በአልትራሳውንድ እያንዳንዱን እግሬን ጭኔ ድረስ አየ። ትምህርት ቤት ደም መልስ ብለን የተማርነው ቧንቧ ውስጥ ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚዘጉ ትንንሽ በሮች አሉ። የግራ እግሬ በር ይፈስሳል። ከላይ እንዲህ እየፈሰሰ ከታች ያለውን ድር ማጥፋት ጣሪያው እያንጠባጠበ ወለል መወልወል ነው። ያ 15 ደቂቃ የማይሞላ አልትራሳውንድ መጀመሪያ ቢደረግልኝ ኖሮ ይህን ጽሁፍ አልጽፍም ነበር።

ደግሞ ሌላ ነገር ነገረኝ። እግር ላይ ላለ የሸረሪት ድር ዛሬም የመጀመሪያው ምርጫ ሌዘር ሳይሆን መርፌ ነው። ስክሌሮቴራፒ ይባላል። በቀጭን መርፌ ፖሊዶካኖልን የመሰለ መድኃኒት ደም ስሩ ውስጥ ይገባና ግድግዳውን አጣብቆ ይዘጋዋል። የእግር ደም ስር ከፊት ደም ስር ይልቅ ጠለቅ ይላል፣ ግፊቱም ይበዛል፤ ለዚህ ነው ብርሃን እዚያ የሚሰንፈው። መርፌውም ከችግር ነጻ አይደለም። ቡናማ ምልክት ለወራት ሊተው ይችላል። አዲስ ቀጫጭን ድር የሚያወጣበትም ሰው አለ። አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅም አይደለም። ግን ይህን ሁሉ ሳልጠይቀው የነገረኝ እሱ ነው፤ ያቺኛዋ የነገረችኝ ስለ ቅናሹ ነው።

ፊት ሌላ ጉዳይ ነው። ፊት ላይ ላሉት ቀጫጭን ደም ስሮች ሌዘር በእርግጥ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ የቆዳው ቀለምና ማሽኑ ከተስማሙ። ዓይን ግን በደንብ ካልተሸፈነ እንዳትተኙ፤ የሌዘር ጨረር ዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የማይመለስ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የኛ ሰው የማያወራው ነገር አለ። አንዲት ጓደኛዬ ጉንጯ ላይ ቀይ ድር ወጣባትና ወደዚያው ቤት ልወስዳት ነበር (ገና ሳልቃጠል)። ለዓመታት ፊት የሚያቀላ ቅባት ትቀባ ነበር። ከነዚያ ቅባቶች ብዙዎቹ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው። ቆዳን ያሳሳል፤ ደም ስርን ያሰፋል፤ ድሩን ራሱ ያወጣዋል። ቅባቱን እየተቀቡ ሌዘር መሠራት ምን ይባላል? ደግሞ በድንገት አቁሙ አልልም፤ ፊት ሊቆጣ ስለሚችል ከቆዳ ሐኪም ጋር ነው የሚቆመው። እሷ እንዲሁ አደረገች፤ ሌዘርም አላስፈለጋት።

ገንዘቡስ? የሰጡኝ ለሕክምና ብቻ የሚሆን ክሬዲት ካርድ ነበር። «12 ወር ያለ ወለድ» ይላል። በወር 185 ዶላር እከፍል ነበር። ሒሳቡን ብትሠሩት በ12ኛው ወር 180 ዶላር ይቀራል። እኔ አልሠራሁትም። ለካስ ወለዱ የለም ሳይሆን ተቀምጦ እየጠበቀ ነው። በቀኑ እስከ መጨረሻው ሳንቲም ካልከፈልሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው በአንዴ ይወርድብሻል። በ26.99 ከመቶ ወደ 400 ዶላር መጣብኝ፤ ለ180 ዶላር ቀሪ! በአሜሪካ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በዚሁ ዓይነት ውል ምክንያት አንድ ትልቅ የካርድ ድርጅት እስከ 34.1 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞች እንዲመልስ አዝዞ ነበር። ካርዶቹ ግን ዛሬም አሉ።

ላልተሠራልኝ 3 ጊዜ ገንዘቤን ስጠይቅ «ተመላሽ የለውም፣ ፈርመሻል» አሉኝ። ሜሪላንድ ያላችሁ ይህን ያዙ፤ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ስር የጤና ትምህርትና ጥብቅና ክፍል አለ። በነጻ ያደራድራል። ፎቶ፣ ውሉንና ደረሰኙን ላክሁ። የ3ቱን 1,200 ዶላር መለሱልኝ። የተቃጠልኩበትን አልመለሱም።

ኢንሹራንስ ለውበት ነው ብሎ የሸረሪት ድሩን አይከፍልም። የሚፈስ በር በአልትራሳውንድ ከታየና እግር የሚያምም ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ይሸፍናል፤ መጀመሪያ የሚያጠብቅ ካልሲ ለተወሰነ ጊዜ አድርጉ ይላሉ። የኔ የግራ እግር ተሸፍኗል። ስለዚህ ለውበት ብላችሁ ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ሕመም መሆን አለመሆኑን አስለዩ። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠና ካመመ ደግሞ የውበት ቤት ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

ለእህቴ ልጅ የጻፍኩላት ይሄን ነው። የማሽኑን ስምና የሞገዱን ቁጥር ጠይቂ። ሐኪሙ ማነው፣ በዚያን ቀን ቤቱ ውስጥ ይኖራል ወይስ ስሙ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው? እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ የሠሩትን ፎቶ አሳዩኝ በዪ፣ የፈረንጅ እግር እንዳያሳዩሽ። በማይታይ ቦታ ትንሽ ሞክረው ጥቂት ሳምንት ይጠብቁ። ፀሐይ የጠበሰው ቆዳ ላይ አይሠራም፤ ከላንጋኖ እንደተመለስሽ እንዳትሄጂ። የ6 ጊዜ አትክፈዪ። የአንድ ጊዜ ክፈዪና እዪው።

ትናንት ደወለችላቸው። የማሽኑን ዓይነት ጠየቀች። ቆይ ብለው ሰው ጠየቁና ተመለሱ።

«የጀርመን ነው» አሏት።