ጂማ ላይ የሚሸጡት የንግድና የንብረት ሕግ ጥራዞች፦ ገልጣችሁ ሳታዩ አትክፈሉ

ከዩኒቨርሲቲው በር ወጣ ብለው ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሕግ ተማሪ በብዛት የሚጠይቀው ሁለት ጥራዝ ነው፤ የንግድ ሕግና የንብረት ሕግ። የንብረቱ ዋጋውን ያወጣል። የንግዱ ግን ጣጣ አለው።

የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንደኛ፣ ሁለተኛና አምስተኛ መጽሐፎች በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክተዋል። ሦስተኛውና አራተኛው አልተነኩም፤ ማጓጓዝ፣ ኢንሹራንስና ቼክ ዛሬም የሚነበቡት ከአሮጌው ነው። ስለዚህ የተሟላ ጥራዝ የሚባለው አዲሱን አዋጅና እነዚህን ሁለት መጽሐፎች አብሮ የያዘ ነው። የሚያጋጥመው ግን ወይ አሮጌው ብቻውን ነው፣ ወይ አዲሱ ብቻውን። ማውጫው ላይ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር (ፒኤልሲ) የሚል ካጣችሁ አሮጌው ነው፤ በዚያ ሕግ ፒኤልሲ ቢያንስ ሁለት አባል ይፈልግ ነበር። (ስንቱ ነጋዴ ሚስቱን ለስሙ አባል ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው።)

ሌላው የኮፒው ጥራት ነው። አዋጆች የሚወጡበት ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውን በግራ፣ እንግሊዝኛውን በቀኝ ዓምድ ያትማል። ጥራዙ ለስፓይራል ሲበሳ በግራ ጠርዝ ያለው የአማርኛው አንቀጽ ቁጥር አብሮ ይበሳል፤ ሁለቱ ቅጂዎች ሲለያዩ ደግሞ የሚጸናው አማርኛው ነው። ከኮፒ ላይ ኮፒ ከመግዛት ከሕጉ ፒዲኤፍ በቀጥታ አሳትሙ፣ በግራ በኩል ሰፋ ያለ ኅዳግ ይተውላችሁ፣ ሁለት ገጽ በአንድ ወረቀት አታስደርጉ። በጂማ ዝናብ በሙጫ የተለጠፈ ጥራዝ ቶሎ ይገነጠላል፤ ስፓይራሉ ይሻላል።

የንብረት ሕጉ ጥራዝ መሠረቱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሦስተኛ መጽሐፍ ነው፤ ከቁጥር 1126 እስከ 1674። ይህ ክፍል ሙሉ ከሆነ ለፈተና ብዙ ይሠራል። ለምሳሌ አንድ ሰው የቡና መፈልፈያውን ለአንዱ ሸጦ ሳያስረክብ ለሌላ፣ ስለ መጀመሪያው ሽያጭ ለማያውቅ ሰው፣ ሸጦ ቢያስረክብስ? በቁጥር 1186 የተንቀሳቃሽ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በርክክብ ስለሆነ ማሽኑ የሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ገዢ ሻጩን በውሉ ይጠይቃል እንጂ ማሽኑን አያገኝም።

በመሬት ሕግ በኩል ግን ጥራዙ ያረጀ ሊሆን ይችላል። የገጠር መሬት አዋጅ 456/1997 ካለበት አሮጌ ነው፤ 1324/2016 ተክቶታል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ስለሚከፈል ካሳ የወጣው አዋጅ 1161/2011 ያለ ማሻሻያው 1336/2016 ጎዶሎ ነው። የከተማው ሊዝ 721/2004ም መኖሩን እዩ።

ኅዳጉ ላይ አብሮ የተባዛውን የቀድሞ ተማሪ ማስታወሻ በጭፍን አትመኑ። ስለ ውል የሚናገረው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ተጨምሮ ከሆነ፣ አጠገቡ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት መዝገብ 21448 ተጽፎ፣ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ አይጸናም ይላል። ልክ ነው፤ ግን ኋላ የመጡት ውሳኔዎች ሻጩ ውሉን ካልካደ ሌላ መንገድ ስለያዙ እነሱን ከሰበር ቅጾች ፈልጋችሁ በእጃችሁ ጨምሩበት።