ክረምቱን የቆመ ሞተር አልነሳ ላላችሁ፦ ጠባሴ ያሉትን ጋሼ ሳታዩ ዕቃ አትግዙ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ግን ምስጋናው ብቻውን ለእናንተ ስለማይጠቅም ምን እንዳደረጉልኝም ዘርዘር አድርጌ እነግራችኋለሁ። ሰውየው የሞተር ሳይክል መካኒክ ናቸው፣ የሚሠሩት ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ አስጠንቅቀውኛል፤ «ሰው በዛና ሥራው ተበላሸ እንዳይባል» ነው ያሉት። ስለዚህ እኔም ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ሥራዬ ከብት ማከም ነው፣ የምውለው እነዋሪና ዙሪያዋ። የሞረትና ጅሩን መረሬ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያ አፈር ጎማ አያስኬድም። ጭቃው ከመከላከያው ሥር ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል፣ ከዚያ ወዲያ ሞተሩ እናንተን ሳይሆን እናንተ ሞተሩን ነው የምትሸከሙት። እኛ ጋ ክረምት ሲገባ ሞተር ጎተራ አጠገብ ይቆማል፣ ሰው በእግሩና በበቅሎ ይሄዳል። መስቀል አልፎ መሬቱ ጠጠር ሲል ሁሉም ሞተሩን ያወጣል። ያኔ ነው ጉዱ።

የእኔ ቦክሰር 150 ነው። ኪክ ብመታ፣ ቾክ ብስብ፣ የሰፈር ልጆች ሰብስቤ ቁልቁል ባስገፋ ወይ ፍንክች! አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ የት እንደሆነ ይቅር። ልጁ ሁለቴ ኪክ መታና «ሪንጉ አልቋል፣ ካርቡራተሩም ይቀየር» አለኝ (ሪንግ ፒስተኑ ላይ ያለው ትንፋሽ እንዳያመልጥ የሚይዘው ቀለበት ነው፣ ካርቡራተር ደግሞ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው)። ዋጋውን ሲጠራልኝ በዚያ ብር በግ ገዝቼ ባደልብ ይሻለኛል ነው ያልኩት። አይሱዙ ላይ በጤፍ ጆንያ መሃል አስጭኜ ደብረ ብርሃን አመጣሁት። ጋሼን የጠቆመኝ ራሱ የአይሱዙው ሹፌር ነው፣ እሱንም እግዜር ይስጠው።

ጋሼ መጀመሪያ መፍቻ አላነሱም። ጠየቁ። መቼ ቆመ? ሲቆም ደህና ነበር? ሰርባቶዮው (የቤንዚን መያዣው) ውስጥ ምን ያህል ቤንዚን ቀርቶ ነበር? ቤንዚኑስ ከማደያ ነው ወይስ መንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጠው? እኔ የታመመች ላም ይዞ የሚመጣ ገበሬ የምጠይቀው ልክ እንዲሁ ነው፣ መቼ በላች፣ መቼ አመሰኳች እያልኩ፤ ስለዚህ ገና ሳይነኩት ልቤ ወደዳቸው። ሲቆም ደህና እንደነበር ስነግራቸው ሳቅ ብለው «ታዲያ ጎተራ ሥር ቆሞ ሪንግ አይጨርስም እኮ ልጄ» አሉኝ። እውነት ነው!

ለማንኛውም አረጋገጡልኝ። ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚሰጠውን) ፈቱና አውራ ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ ግጥም አድርገው «ምታ» አሉኝ። ኪኩን ስመታው አየሩ ጣታቸውን በፉጨት ገፍቶ አነሳው። «አየህ? ትንፋሽ አለው። እንዲህ እየገፋ ሪንግ ቀይር አይባልም።» ከዚያ የእኔን ጣት አስቀምጠው እሳቸው መቱ። በጣቴ ያረጋገጥኩትን ነገር ማንም ሊያስተባብለኝ አይችልም፣ ያ ሁሉ ብር በአንድ ጣት ተረፈ።

ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ነበር። አጠቡት፣ በብረት ብሩሽ ፈገፈጉት፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ክፍተት ለኩ (አንድ ሚሊሜትር እንኳ አትሞላም)፣ ኮፍያው ውስጥ መልሰው የኢንጂኑ ብረት ላይ አስጠግተው ኪክ አስመቱኝ። ከዚያ በፊት ግን የቤንዚኑን ዕቃ ራቅ አድርገው አስቀምጠዋል፣ ቀዳዳውንም በጨርቅ ከድነዋል፤ ይህን የምለው ቤታችሁ የምትሞክሩ ስለማትጠፉ ነው። ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ። «ቢጫና ደካማ ቢሆን ካንዴላ ግዛ እልህ ነበር። አትግዛ» አሉኝ። ባትሪውን በቴስተር ሲለኩት ግን ደክሟል። ሙሉ ባትሪ አርፎ ሲለካ ከ12.6 ቮልት በላይ ማሳየት አለበት፣ የእኔው 12ም አልደረሰም። ባትሪ ማንም ሳይነካው ቆሞም ራሱን ይጨርሳል። በትንሽ ቻርጀር ቀስ ብሎ ሌሊቱን እንዲሞላ አደረጉት፣ ለመኪና በሚሆን ትልቅ ቻርጀር ማጣደፍ ይገድለዋል አሉ።

ዋናው በሽታ የተገኘው ቤንዚኑ ጋ ነው። የካርቡራተሩን የታች ብሎን ላላ አድርገው በግማሽ በተቆረጠ ሃይላንድ አጠራቀሙት። ቤንዚን የሚሸት ነገር አልነበረም። ቫርኒሽ ቫርኒሽ ነው የሚለው። ሃይላንዱን ወደ ብርሃን አንስተው ሲያሳዩኝ ከሥሩ ለብቻዋ የምትንከባለል ጠብታ አለች። ውሃ ናት። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሁልጊዜ ታች ነው የሚቀመጠው፣ ሩቢኔቱም (የቤንዚኑ መክፈቻና መዝጊያ) ቤንዚን የሚወስደው ከታች ስለሆነ ኢንጂኑ መጀመሪያ የሚደርሰው ውሃው ነው። ከየት መጣ? ሰርባቶዮው ግማሽ ሆኖ ሲቆም የቀረው ባዶ ቦታ እርጥብ አየር ይይዛል። በእኛ ሀገር የክረምት ብርድ ደግሞ ያ እርጥበት ብረቱ ላይ ይጤዝና ወደ ታች ይወርዳል። ዝናብ ባይነካውም ውሃ ይገባዋል ማለት ነው፣ ይህን እኔ አላውቅም ነበር።

ካርቡራተሩን ፈቱት። ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ ቤንዚን የምታሳልፈው ትንሿ ጅግለር የነሐስ ናት፣ መሃሏ ያለችው ቀዳዳ የስፌት መርፌ አታሳልፍም። ወደ ሰማይ አንስቼ እንዳይባት ሰጡኝ፤ ምንም አይታይም፣ ድፍን። ቤንዚን ለወራት ሲቆም ቀላል ቀላሉ ይተንና የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይቀራል፣ ያ ነው የደፈናት። ብዙ ቦታ ይህችን ቀዳዳ በብረት ሽቦ ሲወጉ አይቻለሁ። ጋሼ እንዲያ አይነኳትም። ዘፈዘፏት፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ በመዘዟት አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ቀስ ብለው አጸዷት፣ ከዚያ በኮምፕረሰር ነፉባት። የብረት ሽቦ ቀዳዳዋን ያሰፋታል፣ ከሰፋች ደግሞ ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ቤንዚን ይጠጣል።

ምልክቱንም ነገሩኝ፣ ያዙት፦ ሞተሩ በቾክ ተነስቶ ቾኩን ስትመልሱት የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ ይህችን ጅግለር ጠርጥሩ።

ሁሉም ተገጥሞ ሞተሩ ተነሳ። እኔ ደስ ብሎኝ ብር ላወጣ ስል ጋሼ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው «ቆይ፣ ይሄ ታፍኗል» አሉ። ነዳጅ ስንሰጠው ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ አይዘልቅም። የአየር ማጣሪያውን ክዳን ሲከፍቱት ገለባ፣ የተበጣጠሰ ፌስታል፣ የጆንያ ክር ድብልቅልቁ ወጣ። አይጥ ቤት ሠርታለች! ስፖንጁንም ከዳር ከዳር በልታዋለች። ጎተራ አጠገብ ለሚያቆም ሰው ይህ አዲስ አይደለም መሰለኝ፣ እሳቸውም አልገረማቸውም፣ ከጅሩና ከመንዝ የሚመጣውን ሞተር ሁሉ በየዓመቱ መስከረም እንዲህ እያጸዱ ነው የሚያሳልፉት። ከዕቃ የገዛሁት ይህን ስፖንጅ ብቻ ነው።

ፍሪሲዮኑም (ማርሽ ስንቀይር ኢንጂኑን ከማርሹ የሚያላቅቀው) ተጣብቆ ነበር። ሞተር ለረጅም ጊዜ ሲቆም የፍሪሲዮን ሸራዎቹ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፣ ማኔላውን ጨብጣችሁም አንደኛ ማርሽ ስታስገቡ ወደ ፊት ይዘላል። አልፈቱትም። ኢንጂኑን አጥፍተው፣ ማርሽ አስገብተው፣ ፍሪሲዮኑን ጨብጠው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲወዘውዙት ጧ አለና ተላቀቀ። ሌላ ቦታ ቢሆን ሸራ ተሸጦልኝ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩልኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ካርቡራተሩ ለዚህ ሀገር አየር ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ለደጋ አስተካከሉልኝ። ግን ጣርማበርን አልፌ በደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት የምወርድ ከሆነ እዚያ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ኢንጂኑ ከመጠን በላይ ከሞቀ ወይም ነዳጅ ስሰጠው ካመነታ የቱን ብሎን ምን ያህል እንደማዞር በጣታቸው አሳዩኝ። የደንበኛውን መንገድ ጠይቆ የሚያስተካክል መካኒክ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

ለሚቀጥለው ክረምት ያሉኝንም ላካፍላችሁ። ሰርባቶዮውን እስከ አፉ ሞልተህ አቁም፣ ለእርጥብ አየር ቦታ አትተውለት። ሩቢኔቱን ዝጋና ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን አፍስስ። ዘይቱን ከመቆሙ በፊት ቀይር እንጂ ከተነሳ በኋላ አይደለም፣ የቆሸሸ ዘይት ቆሞ ብረት ይበላል። ባትሪውን ፈትተህ ቤት አስገባና በየወሩ ሙላው። ካቴናውን (ሰንሰለቱን) ዘይት ቀባው። በፕላስቲክ አትሸፍነው፣ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ጨርቅ ይሻላል። የአየር ማስገቢያውን አፍ በጨርቅ ወትፈው፣ እንዳትረሳው ደግሞ ቁልፉ ላይ ምልክት እሰር። እኔ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው በየሳምንቱ ለሁለት ደቂቃ እያስነሱ ማጥፋት ይጠቅማል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው «እሱ ይብስበታል» አሉኝ። ኢንጂኑ በደንብ ሳይሞቅ ከጠፋ ዘይቱም ማርሚታውም (የጭስ ማውጫው) ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል። ወይ ነድተኸው በደንብ ይሙቅ፣ ወይ ተወው።

የእጅ ዋጋቸውን ስሰማ አፈርኩላቸው፣ ያኛው ጋራዥ ለሪንግ ብቻ ከጠራው በብዙ ያንሳል። የሻይ ብዬ ልጨምር ስል «ለልጁ ስጠው» አሉ፣ አጠገባቸው ሆኖ ዕቃ ሲያቀብል ለዋለው ተለማማጅ። ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካለ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እጅዎን ይባርከው። ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ሥራዬም እንዲሁ።

መሄድ የምትፈልጉ በጠዋት ድረሱ፣ በተለይ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ወረፋ አለ። እሑድና በዓል አይሠሩም። «ነገ ና» ካሉ ነገ ነው፣ አትጨቅጭቋቸው። ሥራ ሲሠሩ አጠገባቸው መቆም ይቻላል፣ እንዲያውም ካልቆማችሁ ይጠሯችኋል። ቲቪኤስ፣ ያማሃ፣ ሱዙኪ ሁሉንም ይነካሉ። ካርቡራተር የሌለውን፣ በኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጨውን አዲሱን ሞተር ግን አይቀበሉም፣ መሣሪያው ስለሌላቸው ወደሚችል ሰው ነው የሚልኳችሁ።