አንድ ኪኒን፣ ሁለት ዋጋ

ደሴ ፋርማሲ በር ላይ ማዘዣ ይዞ ኪሱን የሚዳብስ ሰው ብርቅ አይደለም። መድኃኒት ለምን ይወደዳል? ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ሲ በሽታ መድኃኒት ሶፎስቡቪር ጥሩ ማሳያ ነው።

ዋጋ የመተመኛው አንደኛው መንገድ በፓተንት፣ ማለትም ሌላው እንዳያመርት በሚከለክል መብት፣ ምርቱን ለብቻ ይዞ ገበያው የቻለውን ማስከፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የመድኃኒቱ ባለቤት ጊልያድ የተባለው ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ አንዱን ኪኒን 1,000 ዶላር አለው። የ12 ሳምንቱ ሙሉ ሕክምና 84,000 ዶላር! ምርምር ውድ ነው፣ ብዙው ሙከራም ይከሽፋል ይላሉ አምራቾቹ። እውነት ነው። ግን ጊልያድ መድኃኒቱን ያገኘው መድኃኒቱን ሲያበለጽግ የነበረውን ሌላ ኩባንያ በ11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ ነው። ታማሚው የሚከፍለው የምርምር ወጪ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ዋጋን በአገር አቅም መለየት ነው። ያው ኩባንያ ለግብፅ ሙሉ ሕክምናውን በ900 ዶላር ሸጠ። በ2014 ደግሞ የህንድ ፋብሪካዎች አምርተው ለ91 ታዳጊ አገሮች እንዲሸጡ ፈቀደ። ፉክክር ሲመጣ ዋጋው ይወርዳል።

እኔ ያለማቅማማት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። እንከን ግን አለው፤ ብራዚልና ቻይና ከፈቃዱ ውጪ ቀርተው ነበር፣ እዚያም ድሃ ሞልቷል። ደግሞስ 900 ዶላር ለወረኢሉ ገበሬ ምን ማለት ነው? በሬዎቹን ሸጦም ላይሞላለት ይችላል። የጤና መድን ካልደረሰለት ርካሹም ውድ ነው።