ቃራማራን ማየት ለምትፈልጉ፦ ሾፌር ልጠቁማችሁ

አጎቴን ከድሬ ጅግጅጋ አጠገብ ወዳለው የቃራማራ ተራራ ወስዶ በሰላም ለመለሰልን ሾፌር ምስጋናዬ በአደባባይ ይድረሰው።

አጎቴ በ1969 ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥነው በኢትዮጵያና ሶማሊያ ጦርነት የዘመቱ ሚሊሺያ ናቸው። «ቦታውን አንዴ ልየው» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ወገባቸውን ስለሚያማቸው ግን ለማን አደራ እንደምንሰጥ ጨንቆን ነበር።

ሾፌሩ የደንገጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ ቀስ እያለ ነው። ሲነዳ ጫት አይቅምም። በዚህ መስመር የምትመላለሱ ይሄ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባቢሌ ላይ ለውዝ ገዛን፣ ዳኸታ ላይ እነዚያን የተደራረቡ ድንጋዮች አየን፣ ቀጠልን።

ተራራው ላይ ስንደርስ ታሪኩን እንደ ሽምደዳ አላነበነበልንም። መንገዱን በእጁ እያሳየ፣ መተላለፊያውን የያዘ ወደ ጅግጅጋም ወደ ሐረርም የሚወስደውን መንገድ እንደሚቆጣጠር አስረዳን። መስከረም 1970 የሶማሊያ ጦር ጅግጅጋን ሲይዝ ሐረር ለምን እንደተጨነቀች ያኔ ገባኝ። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅግጅጋ የተመለሰችው ደግሞ ፊት ለፊት በመግጠም ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያና የኩባ ጦር በሄሊኮፕተር ጭምር ታግዞ ተራራውን በሰሜን በኩል ዞሮ ከኋላ ገብቷል። በየት በኩል እንደሆነ አቅጣጫውን ሲያሳየን አጎቴ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡ ነበር።

አንድ ቦታ ላይ ከመንገዱ ወጣ ሊሉ ሲሉ ክንዳቸውን ያዛቸው። «ጋሼ፣ ሰው በረገጠው እንሂድ። የድሮ ፈንጂ አይታመንም» አላቸው። መሬት ላይ ያለ ብረትም እንዳንነካ አስጠነቀቀን።

ከሁሉም በላይ ያመሰገንኩት ግን ለሌላ ነገር ነው። ፍየል የሚጠብቁ አንድ የሶማሌ ሽማግሌ ሰላም አሉን። በጦርነቱ ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ ቤተሰባቸው ሸሽቶ ቆይቶ ነው የተመለሰው። ሾፌሩ በሁለቱ መሃል ቁጭ ብሎ ከሶማሊኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ሶማሊኛ ይመልስ ጀመር። ሳይቸኩል፣ የራሱን ሳይጨምር። አጎቴ ውሃ ጥም እንዴት እንዳንገበገባቸው ነገሯቸው። ሽማግሌው ያኔ ውሃ የሚቀዳበትን ቦታ በከዘራቸው አሳዩዋቸው። ከዚያ ስለ ልጆቻቸው ተጠያየቁ። አቦ፣ እንዲህ የሚያገናኝ ሰው ብዙ አይገኝም! ለሰዓቱ ጨምሩ አላለንም። እንሂድም አላለንም።

ዋጋውን ሳይነሳ ይናገራል፣ መንገድ ላይ አይቀይርም። ኬላ ስላለ መታወቂያ ያዙ፤ የት ፎቶ እንደሚነሳና የት እንደማይነሳ እሱ ይነግራችኋል። ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ ጻፉልኝና እልክላችኋለሁ። ለየካቲት 26 መሄድ ያሰባችሁ ቀደም ብላችሁ ያዙት።