ስምንት ወር ከግኑ ባክጋመን ጋር፦ ኪዩቡ፣ እትዬ እና የሲኒ ዕዳዬ

ደብረ ማርቆስ ቤታችን ባክጋመን (ዳይስ እየጣሉ ጠጠር የሚነዱበት፣ ጠጠሮቹን ሁሉ ቀድሞ ከሰሌዳው ያወጣ የሚያሸንፍበት የሁለት ሰው ጨዋታ) የገባው በእትዬ ሻንጣ ነው። ቤይሩት ስትሠራ ለምዳው ሰሌዳውን ይዛ መጣች። እሷ "ታውላ" ነው የምትለው። ስድስትና አምስት ሲወጣላት "ሺሽ ቤሽ!" ብላ ቤቱን ታናውጠዋለች። ደብሊንግ ኪዩቡ፣ ማለትም የጨዋታው ነጥብ ስንት እጥፍ እንደደረሰ የሚያሳየው ዳይስ፣ ግን የእኔ ጣጣ ነው። ከካርቶን ሠርቼ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64 ጻፍኩበት።

በብር አንጫወትም። አንድ ነጥብ የአንድ ቀን ሲኒ ማጠብ ነው። አንድም ጠጠር ሳታወጣ ከተሸነፍክ ጋመን ነው፣ ነጥቡ ይታጠፋል። ኪዩቡ 4 ላይ እያለ ጋመን ብትበላ 8 ቀን። በልቻለሁ፣ አጥቤያለሁ።

ግኑ ባክጋመንን፣ ጨዋታውን የሚጫወትና ስህተትህን የሚያሳይህን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የጫንኩት ያኔ ነው። በነፃ ነው፤ አንዴ ከወረደ ደግሞ ኔትወርክ አይፈልግም። እኛ ጋ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እትዬ መጀመሪያ አላመነችውም። "ዳይሱን ራሱ እየጣለ ራሱ ያሸንፋል እንዴ?" አለች። ደግነቱ የራስህን ዳይስ ጥለህ ቁጥሩን ማስገባት ትችላለህ። እንደዚያ አድርገንም አሸነፋት።

እኔን ያረመኝ ግን ጠጠር አነዳዴ ላይ አይደለም፤ ቶሎ እጅ መስጠቴ ላይ ነው። ባላጋራህ እጥፍ ሲልህ ወይ ተቀብለህ በእጥፍ ነጥብ ትቀጥላለህ፣ ወይ ትተህ ትሸነፋለህ። ከተውክ 1 ነጥብ ሄደ። አራት ጊዜ ብትተው 4። አራቱንም ተቀብለህ አንዱን ብቻ ብታሸንፍስ? ሦስቴ 2 ትከፍላለህ፣ አንዴ 2 ታገኛለህ፤ ያው 4። ስለዚህ ጋመን የማያሰጋ ከሆነ 25% ዕድል ካለህ መቀበል አያከስርም። ኪዩቡም አንተ ጋ ስለሚቀር መልሰህ ማጠፍ ትችላለህ።

አንድ ቀን በሩጫ ላይ (ጠጠሮቻችን ተላልፈው ማን ቀድሞ ያወጣል ብቻ ሲቀር) ለእሷ 100፣ ለእኔ 110 እርምጃ ቀርቶናል፣ ተራው የእሷ ነው። እጥፍ አለች፣ ተውኩ። ማታ ቦታውን አስገብቼ 1296 ጊዜ አጫወትኩት። ቁጥሩ 36 በ36 ነው (ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት ይወጣል)፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ውርወራዎች በሙሉ እኩል እንዲዳረሱ። መልሱ "ተቀበል" ነበር። በረጅም ሩጫ እስከ 12% ገደማ ብትቀደምም ይቀበሉታል ለካ። ስነግራት "ፈሪ ነህ እኮ፣ ስንቴ ልንገርህ!" አለችኝ። እሷ ሁሉንም ትቀበላለች።

የሚያናድደውም አለ። አማርኛ የለውም። የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይንቀራፈፋል፤ ባትሪው ስለሞተ መብራት ሲሄድ የሌሊቱ ሥራ አብሮ ይሄዳል። ከሁሉ በላይ ግን ባላጋራህን እንደራሱ አዋቂ አድርጎ ነው የሚያስበው። እትዬን አያውቃትም። መቼም የማትተው ሰው ላይ ለማጠፍ ምን ያስቸኩላል? በደንብ እስክመራ እጠብቃታለሁ። ይህን ከሷ ነው የተማርኩት።

ባለፈው እሁድ ቡናው ሁለተኛ ደርሷል። እኔ ሁለት ጠጠር ቀርቶኛል፣ አንዱ 5 ላይ፣ አንዱ 2 ላይ (ለመውጣት የቀራቸው እርምጃ ነው)። እሷ አንድ ጠጠር 1 ላይ። አሁን ሁለቱንም ካላወጣሁ አለቀልኝ። ድሮ ቢሆን ኪዩቡን አልነካም ነበር። ቆጠርኩ፦ ከ36ቱ 19ኙ ያወጡልኛል። ከግማሽ በላይ ነው፣ ውርወራውም የመጨረሻ ነው። "እጥፍ!" አልኩ።

"አምጣው" አለች፣ ስኒዋን እንኳ ሳታስቀምጥ።

6 እና 1 ወጣ። ሁለት ቀን።