ያገለገለ ያማሃ ወይስ አዲስ ኮፒ? ጎንደር ላይ ባስ ክላርኔት ለምትገዙ

"ባስ ክላርኔት (ወፍራም ድምፅ ያለውን ትልቁን ክላርኔት) ልጀምር ነው፣ የቱን ልግዛ?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ። ያገለገለ የፕላስቲክ ያማሃ ግዙ። ስሙ የማይታወቅ አዲስ ኮፒ ግን አትግዙ።

ከዋጋው እንጀምር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብር ዋጋ ብነግራችሁ ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ በዶላር ላውራ። ያማሃ 221 የሚባለው የፕላስቲኩ ሞዴል አዲሱ ውጭ አገር 3,000 ዶላር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ያገለገለው እንደ ይዞታው ከ1,200 እስከ 1,800 ይገኛል። ስም የለሹ ኮፒ ደግሞ አዲስ ሆኖ ከ1,000 እስከ 1,500 ይጠየቅበታል። ቀረጡና ማጓጓዣው ለሁሉም አይቀርም።

ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ኮፒው ያብረቀርቃል፣ ሳጥኑ ያምራል፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ድምፁ እስከ ታችኛው ሲ ኖታ ይወርዳል። ያማሃው ከሱ ከፍ ባለው ኢ ፍላት ላይ ያበቃል። ልዩነቱ ሦስት ኖታ ብቻ ነው። ለጀማሪ የሚሆነው ልምምድ አብዛኛው እስከ ኢ ፍላት ነው፤ ትዝታም አንቺ ሆዬም ለመጫወት ያ ይበቃችኋል። ለሦስት ኖታ ብላችሁ ጣጣ አትግዙ።

ጣጣው ምን መሰላችሁ? አብሮኝ የሚጫወት ልጅ በጥርና በሚያዝያ ሠርግ ያጠራቀመውን ገንዘብ ኮፒ ላይ አዋለው። ክረምት ሳይገባ የላይኛውንና የታችኛውን አካል የምታገናኘው ቁልፍ ቀጭ ብላ ተሰበረች። ፒያሳ ወደሚሠራ አንጥረኛ ወሰድናት። ሰውዬው እጁ የተባረከ ነው። ቁልፏን በመቆንጠጫ ይዞ ገና እሳቱን ሲያስጠጋው ጫፏ እንደ ሻማ ተንጠባጠበ። ርካሽ የዚንክ ቅልቅል ነበረች፤ ብየዳ አትቀበልም። ሻጩ ጋ ሲደወል መለዋወጫ እንደሌለ ተነገረው። መሣሪያው እስከ ዛሬ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል። ይሄ ያናድደኛል፤ ልጁ ጎበዝ ተጫዋች ነበር የሚወጣው።

የእኔ ያማሃ ቁልፍም ተሰብሮ ያውቃል። የያማሃ ቁልፍ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ነው። ሲጣመም ይቃናል፣ ሲሰበር በብር ማዕድን ይበየዳል። ያው አንጥረኛ ቁጭ ባልኩበት በየደልኝ። የከፈልኩት ከአንድ ፓኬት ሪድ (አፍ ላይ የምትታሰረው ቀጭን የሸምበቆ ስንጥር) ዋጋ ያነሰ ነው። እንግዲህ ጎንደር ውስጥ የክላርኔት ጠጋኝ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። አንጥረኛ ግን አለ። ስለዚህ አንጥረኛ ሊጠግነው የሚችለውን ግዙ።

"እንጨቱስ?" ትሉኛላችሁ። የእንጨት ባስ ክላርኔት ድምፁ ይጣፍጣል፤ አልክድም። የሚሠራበት ዛፍ እኛው ጋ መተማ ቆላ ይበቅላል፤ ዞቢ የምንለው ነው። ግን አዲሱ ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃል፣ የታወቁት የፈረንሳይ ሥሪቶች ከ10,000 ያልፋሉ። የጎንደር በጋ ደግሞ ደረቅ ነው፤ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ። እንጨት እንዲህ ሲለዋወጥበት ይሰነጠቃል። ፕላስቲኩ ግድ የለውም።

ያገለገለ ስትገዙ ረጃጅሞቹን ቁልፎች ያዙና ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጓቸው። ከተንቀጠቀጡ ዋጋ አስቀንሱ። ቀጥሎ ጨለማ ክፍል ገብታችሁ ትንሽ ባትሪ ወደ ውስጥ አስገቡ፣ ቁልፎቹን ቀስ ብላችሁ ዝጉ። ቀዳዳውን በሚደፍነው ለስላሳ ፓድ ጠርዝ ብርሃን ካመለጠ አየርም ያመልጣል። አንድ ሁለት ፓድ ቢሆን ችግር የለም። ሁሉም ከሆነ የፓድ መቀየሪያውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ፣ አልያም ተዉት። ከአዲስ አበባ በአውቶብስ የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ ቁልፎቹ እንዳይንቀሳቀሱ ቡሽ ወይም ጨርቅ ይደረግባቸው።

ስትገጣጥሙት ያችን አገናኝ ቁልፍ አደራ። የላይኛውን አካል ቁልፍ ተጫኑና አገናኟ ከፍ ስትል ብቻ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። በጉልበት የሚጠመዝዝ ሰው ያማሃውንም ይሰብረዋል። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ውስጡን በጨርቅ አድርቁ። ለቁልፎቹ መጋጠሚያ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ማድረግ ይበቃል። አካሎቹ የሚገጣጠሙበትን ቡሽ ቅቤ አትቀቡት፤ የቡሽ ቅባት ፈልጉ።

ሪድ ላይም ገንዘብ ይተርፋችኋል። የባስ ክላርኔት ሪድ ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም። የቴነር ሳክስፎን ሪድ መጠኑ በጣም ስለሚቀራረብ ብዙ ተጫዋቾች እሱን ይጠቀማሉ፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ጀማሪ ከሆናችሁ ጥንካሬው ቁጥር 2 ወይም 2 ተኩል የሆነውን ያዙ። አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ካላችሁ አንድ ፓኬት አስመጡ።